ዝም ያለች ታካሚ ሁሉ ሕመም የሌለባት አይደለችም፦ ስለ ሴቶች ተመላላሽ ሕክምና ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጎንደር በምንገኝ የጤና ባለሙያዎች መካከል ሲነበብና ሲያከራክር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ ሴቶች በተመላላሽ ሕክምና ክፍል ስለሚደረጉላቸው አነስተኛ የማህፀን ሕክምናዎች የሚያሰሙት ቅሬታ የተጋነነ ነው ሲል ይሟገታል። እንደ ጸሐፊው አባባል ሕመሙ የደቂቃዎች ጉዳይ ስለሆነ ወልዳ ለምታውቅ ሴት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም፤ አስቀድሞ ማብራራት ፍርሃትን ከማባባስ በቀር ፋይዳ የለውም፤ ማስታገሻና ማደንዘዣ የሀብታም አገሮች ቅንጦት ነው፤ በማስተማሪያ ተቋም ተማሪዎች እንዲገኙ ታካሚዋን ማስፈቀድ ሥራ ያጓትታል፤ አስታማሚ ማስገባት ግርግር ይፈጥራል፤ ሴቶች ከማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ የሚርቁትም ግንዛቤ ስለሚጎድላቸው ብቻ ነው። እኔ በሙያዬ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፍኩትም በዚሁ ከተማ፣ ጸሐፊው በሚናገሩለት ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው። ጽሑፉ በቅንነት እንደተጻፈ፣ ጸሐፊውም የሥራ ጫናውን በሚገባ እንደሚያውቁት አምናለሁ። ይሁን እንጂ ወጣት ባልደረቦቼ እንደ መመሪያ ሊይዙት መጀመራቸውን ስላየሁ ነጥብ በነጥብ ልመልስ ወደድኩ።

«ወልዳ የምታውቅ ሴት ይህ አይከብዳትም» ከሚለው እጀምራለሁ፤ የቀሩት ነጥቦች በአብዛኛው የቆሙት በዚህ ላይ ነውና። በምጥ ላይ ያለች ሴት የማህፀኗ በር የሚከፈተው በሰዓታት ሂደት፣ ሰውነቷ ራሱ በሚያመነጫቸው ሆርሞኖች እየለሰለሰ ነው። ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች፤ በዙሪያዋ «ማርያም ማርያም» የሚሉላት ሰዎች አሉ፤ መጨረሻውም ልጅ ነው። ናሙና ለማስወሰድ ወይም የማህፀን ጠረጋ (የማህፀንን ውስጥ በመሣሪያ ማጽዳት) ለማድረግ አልጋ ላይ የወጣች ሴት ግን የተዘጋ የማህፀን በሯ በመሣሪያ ተይዞ በደቂቃዎች ውስጥ ከውጭ ይለጠጣል። የማህፀን በር መለጠጥ በቀላሉ የሚያሳምመው አካል ነው፤ የሕመም መልእክቱም ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ባሉት ከወገብ በታች በሚገኙት የሳክራል ነርቮች በኩል ይተላለፋል። የማህፀን የላይኛው ክፍል ሕመም ደግሞ ከፍ ብሎ ከአሥረኛው የደረት ነርቭ እስከ መጀመሪያው የወገብ ነርቭ ባሉት በኩል ይሄዳል። በአንድ የጠረጋ ሕክምና ሁለቱም ይነካሉ፤ ማህፀኑ ባዶ ሆኖ ሲኮማተር የሚመጣው የመጨረሻው ቁርጠት ብዙዎች ከሁሉ የከፋው እርሱ ነበር የሚሉት ነው። እንዲህ ያለውን ሕመም ከወሊድ ጋር አስተያይቶ «ይህማ ምን አላት» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው።

በጸሐፊው ስሌት ቢሆን ሰባት የወለዱ እናት ከሁሉ ያነሰ ሕመም ሊሰማቸው በተገባ ነበር። የወር አበባቸው ከተቋረጠ ብዙ ዓመት የሆናቸው እናቶች ግን ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስባቸው የብልታቸው ግድግዳ ይሳሳል፣ ይደርቃልም፤ ለወጣቷ ተራ የሆነው፣ ብልትን ከፍቶ የሚያሳየው ስፔኩለም የተባለ መሣሪያ እርሳቸውን ያቆስላቸዋል። ከወገራ ወይም ከበለሳ ረጅም መንገድ ተጉዘው የመጡ አረጋዊት ከአልጋው ሲወርዱ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ያየ ባለሙያ «ወልደው የለ» ብሎ አያልፍም። ሌላም አለ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ መሆናቸውን አሳይቷል። ግርዛቱ ጠባሳ የተወባት ሴት መሣሪያ ሲገባ የሚሰማት ነገር ጠባሳ ከሌላት ሴት ጋር አንድ ሊሆን አይችልም። በጦርነቱ ዓመታት ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችም ወደ እኛ ይመጣሉ፤ የደረሰባቸውን ግን አብዛኞቹ አይነግሩንም። ስትጠጋት ጭኗን የምትቆልፍ ሴት እምቢተኛ ተብላ ከመመዝገቧ በፊት ይህንን ማሰብ ተገቢ ነው። ፅንስ የተጨናገፈባትም ሴት የሐዘንዋን ነገር ይዛ ነው አልጋው ላይ የምትተኛው።

ጸሐፊው በዚሁ ክፍል «በሥራ ዘመኔ አቁሙልኝ ያለችኝ ሴት የለችም» ይላሉ። ይህን አምናለሁ። በእኛ አካባቢ ሴት ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ ሕመሟን ችላ እንድትይዝ ሆና ታድጋለች፤ ድምፅ ማውጣት ነውር፣ መቻል ጨዋነት ነው ተብላ ትመከራለች። ስለዚህ ነጠላዋን ነክሳ ዝም ትላለች፤ እኛም በካርዷ ላይ «ያለ ችግር ተጠናቋል» ብለን እንጽፋለን። እውነቱን የሚናገረው አካሏ ነው፦ የእግር ጣቶቿ ይታጠፋሉ፣ የአልጋውን ጠርዝ የያዘው እጇ ይነጣል፣ ትንፋሿ ይቋረጣል። ይህን የማንበብ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ሉፕ (በማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የእርግዝና መከላከያ) በሚገባበት ጊዜ ባለሙያዎቹ የገመቱት ሕመም ሴቶቹ ራሳቸው ከተናገሩት በእጅጉ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። አቁሙልኝ ለማለት ደግሞ ማለት እንደሚቻል አስቀድሞ መነገር ያስፈልጋል። በእንግሊዝ የማህፀንን ውስጥ በካሜራ ለማየት ለሚደረገው ምርመራ የወጡት የሙያ መመሪያዎች ታካሚዋ በማንኛውም ሰዓት ማስቆም እንደምትችል ሊነገራት እንደሚገባ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። «እጅዎን ካነሱ አቆማለሁ» ማለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብዙ ሴቶች ይህን ከሰሙ በኋላ እጃቸውን ሳያነሱ ይጨርሳሉ፤ ማስቆም እንደሚችሉ ማወቃቸው ብቻ ሰውነታቸውን ያላላዋል።

ሁለተኛው ነጥብ ማብራራት ያስፈራል የሚለው ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ በከፊል ትክክል ናቸው፤ ልብሷን አውልቃ፣ እግሯ ተሰቅሎ ለተኛች ሴት ሊደርሱ የሚችሉ ጉዳቶችን መዘርዘር በእርግጥ ያስፈራታል። ስህተቱ ግን ጊዜው ላይ ነው። ያው ነገር ልብሷን እንደለበሰች፣ ተቀምጣ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን ሲነገራት ሌላ ነገር ይሆናል። ፍርሃት በዚህ ሕክምና ውስጥ ሕመም የሚፈጥርበት መንገድ ግልጽ ነው፦ የፈራች ሴት የዳሌዋ ወለል ጡንቻዎች ያለ ፈቃዷ ይኮማተራሉ፣ መሣሪያው የሚገባው የተኮማተረውን ጡንቻ እየገፋ ይሆናል፣ ያመማታል፣ ሕመሙም ፍርሃቷ ልክ እንደነበረ ያረጋግጥላትና ይበልጥ ትኮማተራለች። ይህን ሰንሰለት ከመጀመሪያው ቀለበት መቁረጥ የሚቻለው ከአልጋው በፊት ነው።

«ምንም አይሰማሽም» የሚለው የተለመደ ማጽናኛ ደግሞ ከዝምታም የከፋ ነው። ሕመሙ ሲመጣ የተዋሸች መሆኗን ትረዳለች፤ ከዚያ በኋላ የምንነግራትን አንዱንም አታምንም። የሚሻለው በቀላል ቋንቋ የሚሰማትን፣ የሚቆይበትን ጊዜና የሚደረግላትን መናገር ነው፦ መጀመሪያ የመሣሪያው ቅዝቃዜና መወጠር፣ ቀጥሎ እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት፣ ከዚያም ዕረፍት። መሣሪያውን በለብ ያለ ውኃ ማሞቅና ለታካሚዋ የሚስማማውን መጠን መምረጥም የዚሁ ንግግር አካል ናቸው ብዬ እቆጥራለሁ፤ ቃልና ድርጊት ሲገጥሙ ታምናለችና።

ሴቶቹ ራሳቸው የሚጠይቁትን ብንሰማ ደግሞ ማብራሪያ ፍርሃት እንደማይጨምር በቀላሉ ይታየን ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ነርቭና ስለ መሣሪያ አይደለም። ደሙ ስንት ቀን ይፈሳል፤ ቤተ ክርስቲያን መቼ መግባት እችላለሁ፤ ውኃ መሸከም ይጎዳኛል ወይ፤ ለባለቤቴ ምን ልንገረው? እነዚህ ሁሉ መልስ ያላቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውን ሳታገኝ የምትተኛ ሴት ግን ከሕመሙ ይልቅ በእነርሱ ስትብሰለሰል ትቆያለች። በጾም ወቅት የሚነሳውም እንዲሁ አስቀድሞ መነጋገር የሚፈልግ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ተሲያት ምግብ የማትቀምስ ሴት ወይም በረመዷን የምትጾም እህታችን ማስታገሻውን በባዶ ሆዷ እንዳትወስድ ቀጠሮ ሲሰጣት ሊነገራት ይገባል፤ ያኔ ቀኑን መምረጥም የንስሐ አባቷን ማማከርም ትችላለች። በዕለቱ ከተነገራት ግን ያለ ማስታገሻ ትታከማለች፣ ወይም ተመልሳ ትሄዳለች።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ስመጣ፣ ጸሐፊው የሕመም ማስታገሻን ቅንጦት ማለታቸው ከሁሉ ይልቅ አሳዝኖኛል። የተነጋገርነው ስለ ማስታገሻው ኪኒን ኢቡፕሮፌንና ስለሚወጋው ማደንዘዣ ሊዶኬይን ነው። ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ፣ በእኛም አገር ለዓመታት በሥራ ላይ የዋሉ፣ ዋጋቸውም ዝቅተኛ የሆነ መድኃኒቶች ናቸው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ በጠረጋ ሕክምና ጊዜ እንደ ኢቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ለሁሉም በመደበኛነት እንዲቀርብ ይመክራል፤ በማህፀን በር ዙሪያ የሚወጋ ማደንዘዣም እንዲሰጥ ይመክራል። ጸሐፊው ሰመመን ሰጪ ባለሙያ ከየት እናመጣለን ብለው የሚጠይቁት ያለ ቦታው ነው፤ ይኸው መመሪያ ሙሉ ሰመመን በመደበኛነት እንዳይሰጥ ይመክራልና።

እዚህ ላይ አሠራሩን ዘርዘር አድርጎ ማንሳት ይጠቅማል። ኢቡፕሮፌን ሥራውን የሚጀምረው ማህፀንን የሚያኮማትረውን ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር በመቀነስ ስለሆነ ከሕክምናው አንድ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። የእኛ ታካሚ ከካርድ ክፍል እስከ ሕክምናው አልጋ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ትጠብቃለች፤ ስለዚህ ኪኒኑ ለመሥራት የሚፈልገው ጊዜ በወረፋው ውስጥ አስቀድሞ አለ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባት ሴት ግን ሳትጠየቅ ሊሰጣት አይገባም፤ ጨጓራ በአካባቢያችን የተለመደ ሕመም ነውና ጥያቄው አይዘለል። ኢቡፕሮፌን ሲጠፋ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማለፍ በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም፣ ለጠረጋ ሕመም በአፍ የሚወሰድ ፓራሲታሞል ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየበትም።

ሊዶኬይንን በተመለከተ፣ የአንድ በመቶ መፍትሔ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም ይይዛል፤ የተለመደው 20 ሚሊ ሊትር እንግዲህ 200 ሚሊግራም ነው። ከፍተኛው መጠን በክብደት በኪሎ 4.5 ሚሊግራም በመሆኑ 45 ኪሎ የምትመዝን ሴት ይህን ልክ በልክ ትችለዋለች፤ 40 ኪሎ የምትመዝነው ግን ከ18 ሚሊ ሊትር ማለፍ የለባትም። በአካባቢያችን ቀጭን ሴቶች ብዙ ናቸውና ሚዛን ላይ ማውጣት የግድ ነው። መርፌው የደም ሥር አለመግባቱን ሳብ አድርጎ ማረጋገጥ፣ ከወጉም በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። ባለሙያ ወግቶ ወዲያው ሥራውን ከጀመረ ታካሚዋ የመርፌውንም የመሣሪያውንም ሕመም ትቀበላለች፤ ከዚያም «ማደንዘዣ አይሠራም» ይባላል። መርፌው ራሱ እንደሚያም መደበቅ አያስፈልግም። ለማህፀን የላይኛው ክፍል ሕመም በደንብ ስለማይደርስም ኪኒኑን አይተካውም፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚረዱት።

ሁሉም ሕክምና ይህን ሁሉ ይፈልጋል አልልም። ለካንሰር ቅድመ ምርመራ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው የማህፀን በር እይታ በጥንቃቄ ከተሠራ አብዛኛዋ ሴት ያለ መድኃኒት የምትችለው ነው። ሉፕ ሲገባ የሚሰማው ሕመም ከሴት ሴት በጣም ይለያያል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024፣ የአገሪቱ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅም በ2025 ያሻሻሉት ምክር ስለ ሕመሙ አስቀድሞ ከሴቷ ጋር መነጋገርን አስፍሯል፤ በቦታው የሚወጋ ማደንዘዣም በምርጫነት ቀርቧል። ፅንስ ተጨናግፎ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ በቀረበት ጊዜ ደግሞ ለብዙዎች ጠረጋ ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ በሚሶፕሮስቶል ኪኒን መታከም የምትችል ሴት ሁለቱም ቀርበውላት ብትመርጥ ወደ አልጋው ሳትወጣ ሊያልቅላት ይችላል።

ስለ ተማሪዎች የተነሳው ነጥብ ለጎንደር ልዩ ትርጉም አለው። በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጁና የማሠልጠኛ ማዕከሉ ከተቋቋመ ወዲህ ይህች ከተማ የአገሪቱን የጤና ባለሙያዎች ስታፈራ ኖራለች፤ ተማሪ ሳይማር ነገ ማን ያክማል የሚለው የጸሐፊው ስጋት የእኔም ነው። ነገር ግን ማስፈቀድ ትምህርቱን አያስቀርም። የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና እንክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 የታካሚን ፈቃድ የሕግ ግዴታ አድርጎታል፤ ስለዚህ የተማሪ ቁጥር መብዛቱ ከዚህ ግዴታ ነፃ አያደርገንም። ዋናው አጠያየቁ ነው። ተማሪዎቹ አልጋውን ከበው ከቆሙ በኋላ «ችግር የለም አይደል?» ተብላ የተጠየቀች ሴት እምቢ የምትልበት መንገድ የላትም። ልብሷን ሳታወልቅ፣ ተማሪዎቹ በሌሉበት፣ «ሁለት ተማሪዎች አሉን፣ ባይፈልጉ ሕክምናዎ አይጓደልም» ሲባሉ ግን ብዙዎች «ይማሩብኝ እንጂ፣ ልጆቼ አይደሉ» ይላሉ። እምቢ ያለችም ሴት ብትኖር፣ የእምቢታዋን መከበር ያየው ተማሪ ከምርመራው ያላነሰ ነገር ተምሯል። በሩ እንዲዘጋ፣ መጋረጃው እንዲሳብ፣ ሳይሸፈን የሚቀረው የሚመረመረው ቦታ ብቻ እንዲሆን ማድረግም የትምህርቱ አካል ነው።

አስታማሚን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ አንዲት ሰው፣ በራስጌ በኩል፣ ታካሚዋ ከመረጠቻት ትገባለች። የምትመርጠው ከሌለ ከእኛ አንዷ እጇን ይዛ ታወራታለች፤ ይህ ሥራ በመዝገብ ላይ ባይሰፍርም ከመርፌው ባልተናነሰ የሚያረጋጋ ነው። «አይዞሽ» ብቻውን አይበቃም፤ ምን እየተደረገ እንደሆነና ምን ያህል እንደቀረ መንገር ያስፈልጋል።

ስድስተኛውን ነጥብ በዝርዝር መመለስ የምፈልገው ሕይወት የሚጠፋው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ከቅድመ ካንሰር ደረጃ ወደ ካንሰር ለመድረስ አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ተመርምረው ለውጡ በጊዜ ከተገኘ በአንድ ቀጠሮ ሊታከም ይችላል። ጸሐፊው ሴቶች የሚሸሹት አላዋቂ ስለሆኑ ነው ይላሉ። እኔ ግን የጤና ትምህርቱን ለሌሎች የሚያስተምሩ፣ የተማሩ፣ ሁሉን የሚያውቁ፣ ራሳቸው ግን ሳይመረመሩ ዓመት ከዓመት የሚያስተላልፉ ሴቶችን አውቃለሁ፤ ከእነርሱም መካከል የሙያ ጓደኞቼ አሉ። የሚያስቀራቸው ያ አልጋ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አንዲት ሴት በአዘዞ ወይም በማራኪ ከጎረቤቶቿ ጋር ቡና ላይ ተቀምጣ «አመናጨቁኝ፣ ደማሁ፣ ማንም ያናገረኝ የለም» ያለች ዕለት፣ ያንን የሰሙት ሴቶች ለዓመታት በራችንን አያንኳኩም። የግንዛቤ ዘመቻ በድምፅ ማጉያ የሰበሰበውን ሕዝብ አንድ የቡና ሥርዓት ሊበትነው ይችላል፤ የተመቻት ሴት ደግሞ በዚያው ቡና ላይ ሰው ታመጣልናለች። ታክማ ወደ ቤቷ የሄደች ሴት ከአንድ ዓመት በኋላ ለክትትል ተመልሳ መምጣት ይኖርባታል፤ መምጣቷንና አለመምጣቷን በአብዛኛው የሚወስነው በመጀመሪያው ቀን የገጠማት ነገር ነው።

ጸሐፊው ያላነሱት አንድ መንገድም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ተመራጭ ያደረገው የኤች.ፒ.ቪ. (የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ) ምርመራ ናሙናው በሴቷ በራሷ እጅ ሊወሰድ ይችላል፤ ስፔኩለም የሚያስፈልገው ውጤቷ ቫይረሱን ላሳየ ሴት ብቻ ይሆናል። ይህ በየጤና ጣቢያው ሲስፋፋ የፍርሃቱ ዋና ምክንያት ከብዙዎች ላይ ይነሳል።

ጽሑፉ የሚያበቃው «ይህን ሁሉ የምናደርግበት ጊዜ ከየት ይመጣል?» በሚል ጥያቄ ነው። የፈራች ሴት የምትወስደውን ጊዜ ግን አልቆጠሩትም፦ መሣሪያው ተመልሶ ይወጣና ይገባል፣ ናሙናው ሳይበቃ ይቀርና ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል፣ የልብ ምቷ ዝግ ብሎ ራሷን ስትስት እግሯን ከፍ አድርገን እስክትነቃ አልጋው ተይዞ ይቆያል። አስቀድሞ ለሚደረገው ንግግር ደግሞ ጠዋት ካርድ ወጥቶ ሐኪም እስኪገባ ያለው ሰዓት አለ፤ አምስትና ስድስት ሴቶችን አንድ ላይ አስቀምጦ ማስረዳት፣ መመዘን፣ ስለ ጨጓራቸው መጠየቅና ኪኒኑን ማደል የሚቻለው ያኔ ነው። ለዚህ የሚጎድለን ኢቡፕሮፌኑ ከመድኃኒት ቤት በማዘዣ አንድ በአንድ ከሚወጣ ይልቅ በክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ የሚያስችል ፈቃድ ነው። ጸሐፊው በሚሠሩበት ተቋም ተሰሚነት ያላቸው ሰው እንደሆኑ ከጽሑፋቸው ተረድቻለሁ፤ ከመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ ጋር ተነጋግረው ያንን ፊርማ እንዲያስፈርሙ እጠይቃቸዋለሁ፤ የአሰጣጥ ዝርዝሩን ከእርሳቸው ጋር ተቀምጬ ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ።